መነጽሩ ነው ወይስ የገናው መብራት ነው የሚያዞረኝ?

«እትዬ ሰላም ነሽ? እኔ ደብረ ብርሃን ጠባሴ መንገድ ዳር ትንሽ ካፌ አለችኝ፣ 47 ዓመቴ ነው። በቅርቡ ዓይኔን ታየሁና ሩቁንም ቅርቡንም በአንድ የያዘ ፕሮግረሲቭ የሚባል መነጽር ታዘዘልኝ፣ ብሩን አትጠይቂኝ። ካደረግኩት ጀምሮ ወለሉ ከፍ ዝቅ ይልብኛል፣ የበሩን ደረጃ ስቼ ከነትሪው ልወድቅ ነበር። ደንበኞች ‹ፕሮፌሰር› እያሉ ስለሚቀልዱብኝ ቀን ቀን አወልቀዋለሁ፣ ማታ ከዘጋን በኋላ የገና ዲኮር ስንሰራ ነው የማደርገው። መሰላል ላይ ወጥቼ ላይት ስሰቅል ያዞረኛል፣ አምፖሎቹ ጨረር አውጥተው ኮከብ ይመስሉኛል፣ ሪባኑን ቀጥ አድርጌ ሰቀልኩ ስል ልጆቹ ጠማማ ነው ብለው ይስቁብኛል። እናቴ ደሞ መነጽር ዓይን ያሰንፋል አውልቂው ትለኛለች፣ የሷን መርፌ ግን ክር የሚያስገባላት ጎረቤት ነው። አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ ደግሞ በጾም ይሄ የፈረንጅ ጥድ ምንድነው ብለው ተቆጡኝ። መነጽሩን ልመልሰው? ዲኮሩንስ ልተወው?»

የኔ እህት፣ እኛ ደህና ነን ተመስገን። አጭሩን ልንገርሽ፣ መነጽሩንም አትመልሺ (ለጊዜው)፣ ዲኮሩንም አትተዪ፣ መሰላሉን ግን ተዪ። ረጅሙን ደሞ አሁን ሻይሽን ይዘሽ ቁጭ በይና አንብቢ፣ መነጽሩን አድርገሽ።

ደብዳቤሽን ሳነበው ቀልቤ የቀረው «ቀን ቀን አወልቀዋለሁ» ያልሽው ጋ ነው። ከሌንሱ በፊት ችግርሽ እዛች ጋ ነው ያለው። እንዲህ ያለ መነጽር የሚለመደው ከጠዋት ጀምሮ ሲደረግ ነው፣ ማለት ፊትሽን ታጠብሽ አደረግሽው፣ እስክትተኚ አታወልቂውም በቃ፣ አንጎልሽ ወለሉ የት እንዳለ ግድግዳው የት እንዳለ ከአዲሱ ሌንስ ጋር ቀስ እያለ ይስማማል፣ ለብዙ ሰው ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። አንቺ ግን ቀኑን ሙሉ በባዶ ዓይን ትውይና ማታ ደክሞሽ፣ ግማሹ መብራት ጠፍቶ፣ መሰላል ላይ ሆነሽ፣ የሚብለጨለጭ ነገር አፍንጫሽ ስር ይዘሽ ታደርጊዋለሽ። ኧረ እቴ! ይሄ እኮ የሰው መኪና ተውሶ ፍሪሲዮኑን ሳይለምዱ የጣርማ በርን ጠመዝማዛ ልውረድ እንደማለት ነው። በማግስቱ ደግሞ አውልቀሽ የተለመደውን ታስረሺዋለሽ፣ ማታ እንደገና ከዜሮ። በዚህ አያያዝ ለጥምቀትም አትለምጂው።

ጣርማ በርን ካነሳሁ አይቀር፣ ለገና ደብረ ሲና ወይ ሸዋ ሮቢት ዘመድ ጋ የምትወርጂ ከሆነ መኪና ውስጥ በጎን መስኮት አትይ፣ ፊት ለፊት ተቀመጪና ሩቅ ሩቁን መንገድ እዪ፣ ያ ጠመዝማዛ ያለመነጽርም ሆድ ይገለብጣል። ራስሽ የምትነጂ ከሆነ ደግሞ ወለሉ መዋኘት ሳያቆም መሪ አትያዢ፣ ማታ በተለይ።

ሌንሱ ምን እንደሆነ መነጽር ቤቱ በደንብ ያስረዱሽ አይመስለኝም። ላይኛው ክፍል የሩቅ ነው። መሀሉ ክንድ ያህል ለራቀ ነገር ነው፣ ለባንኮኒው፣ ለካሽ ማሽኑ። ታችኛው የቅርብ ነው፣ ስልክና ደረሰኝ የምታነቢበት፣ 40 ሳንቲሜትር አካባቢ። እንደ ድሮው ባይፎካል (የሩቅና የቅርብ ሁለት ክፍል ብቻ ያለው) መሀሉ ላይ መስመር የለውም፣ እየተቀየረ ነው የሚሄደው፣ ለዚህ ምቾት የሚከፈለው ዋጋ ግን ግራና ቀኙ ወደታች ጠርዝ ላይ የተድበሰበሰ ቦታ መኖሩ ነው፣ ቤቱ የሚዋኝብሽ በሱ በኩል ስታይ ነው። ብልሽት አይደለም፣ ውዱም ርካሹም ላይ አለ፣ ልዩነቱ ጥርት ያለው ቦታ ስፋት ነው። ስለዚህ በዓይን ጥግ ሰው ማየት ለጊዜው ይቅርብሽ፣ ማን ገባ ስትይ አፍንጫሽን ራሱ ወደ በሩ አዙሪው። መጀመሪያ ላይ የተቆጣሽ ነው የምትመስይው፣ ደንበኛም ይለምደዋል።

ደረጃውም የዚሁ ጣጣ ነው። ዓይንሽ ብቻ ወደታች ሲወርድ እግርሽን በማንበቢያው በኩል ነው የምታይው፣ እግርሽ ደግሞ 40 ሳንቲሜትር ላይ አይደለም፣ ስለዚህ ይደበዝዛል፣ ቀርቦም ይታይሻል። አገጭሽን ወደ ደረትሽ አስጠግተሽ በላይኛው በኩል እዪው። ትሪ ይዘሽ ይሄ አይመችም፣ ለዚህ ሰሞን ትሪውን ልጆቹ ይያዙት፣ የካፌ ባለቤት አይደለሽም እንዴ። የደረጃው ጫፍ ላይ ደግሞ ቢጫ ወይ ነጭ ፕላስተር ለጥፊበት፣ ከገና በኋላም አታንሺው፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም እዛ ላይ የምትደናቀፊው።

አሁን መሰላሉ። መሰላል ላይ ሆነሽ ከአናትሽ በላይ አምፖል ስትሰቅይ ሚስማሩ ያለው ቅርብ ነው፣ ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው፣ ወደላይ የምታይበት የሌንሱ ክፍል ግን የሩቁ ነው። ይደበዝዝብሻል። ጥርት እንዲልልሽ አንገትሽን ወደኋላ ሰብረሽ በታችኛው በኩል ማየት አለብሽ፣ አንገቱን እንደዛ የሰበረ ሰው ደግሞ መነጽር ባይኖረውም ይዞረዋል። ከዛ ልውረድ ብለሽ እግርሽን ስትፈልጊ በማንበቢያው በኩል ሁለት ሜትር የራቀ ወለል ታያለሽ፣ እሱም ይደበዝዛል። ወደላይም ወደታችም የሚደርስሽ የተሳሳተው ሌንስ ነው! ጣሪያ ላይ ለሚሰሩ ሰዎች እኮ ከላይም የቅርብ ሌንስ የተገጠመበት ለብቻው የተሰራ መነጽር አለ፣ እንደ ኤሌክትሪሺያን ላሉ፣ ለአንድ ገና ብለሽ እሱን አትገዢም። ልጆቹ ይውጡ። አንቺ መንገዱን ተሻግረሽ ከማዶ ሆነሽ «ወደ ግራ፣ ትንሽ ከፍ» እያልሽ እዘዢ፣ ይሄ ሌንስ የተሰራው ለዛ ነው፣ ከማዶ ጥርት አድርጎ ያሳይሻል፣ ደግሞም ዲኮር የሚታየው ከመንገድ እንጂ ከመሰላል አይደለም። ስትሻገሪ ግን የደሴ መንገድ ነውና አንገትሽን ሙሉ በሙሉ እያዞርሽ እዪ፣ በዓይን ጥግ አይሆንም አልኩሽ፣ አይሱዙው ፕሮግረሲቭ ነው ብሎ አይምርሽም።

ሪባኑ ለምን ጠመመ ላልሽው፣ የታዘዘልሽ ወረቀት ላይ ሲሊንደር የሚል ቁጥርና አጠገቡ አክሲስ የሚል ከ1 እስከ 180 ያለ ቁጥር ካለ አስቲግማቲዝም (የዓይን ፊት እኩል ክብ አለመሆን) አለብሽ ማለት ነው። እሱን የሚያስተካክለው ሌንስ በመጀመሪያው ሰሞን ጠረጴዛውን ያዘነበለ፣ በሩን ያጋደለ ያስመስለዋል፣ አራት ማዕዘን የነበረው አንድ ጎኑ ይረዝማል። ስለዚህ ጠማማ ሰቅለሽ ቀጥ ብሎ ቢታይሽ አይግረምሽ፣ እስክትለምጂ በዓይን አትለኪ። ልጆቹ ሜትር ይዘው ከጣሪያው በሁለቱም ጫፍ እኩል ዝቅ አድርገው ምልክት ያድርጉ፣ ሲባጎ ይወጥሩ፣ ሪባኑ በሲባጎው ይሂድ። ጣሪያው ራሱ ከዘመመ (የኛ አገር ቤት መቼም) ውሃ ልክ ምናምን አታምጪ፣ ሪባኑ ትክክል ሆኖ ጣሪያው ነው የሚያሳጣሽ፣ አብረው ይዝመሙ።

አምፖሎቹ ኮከብ የሆኑብሽን ነገር ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ዘይት ነው። ካፌ ነው ያለሽው፣ ጠዋት ቦምቦሊኖ ይጠበሳል፣ ቀኑን ሙሉ የማሽኑ እንፋሎት አለ፣ አውልቀሽ ባንኮኒ ላይ የምታስቀምጪው መነጽር ላይ ስስ ቅባት ይቀመጣል፣ በሱ በኩል መብራት ስታይ ይበተናል። በምንድነው የምትጠርጊው? በነጠላ ወይ በሽርጥ እንዳትይኝ። ደረቅ ጨርቅና አቧራ ሲገናኙ ይሞጭሩታል፣ ሌንሱ ፕላስቲክ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሺበት፣ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና በጣትሽ አስነኪው፣ አለቅልቂው፣ ከዛ አብሮ በመጣው ለስላሳ ጨርቅ። ፍል ውሃ አይሆንም፣ ኦቭኑ አጠገብም አታስቀምጪው፣ ላዩ ላይ የተቀባው ኮቲንግ በሙቀት ይሰነጣጠቃል። ንጹህ መነጽር አድርገሽም ኮከቡ ካለ አንድ ዓይንሽን በእጅሽ ሸፍነሽ አንድ አምፖል ብቻ እዪ፣ ከዛ ሌላኛውን። አንዱ ዓይን ላይ ብቻ ከሆነ የትኛው እንደሆነ ጽፈሽ ያዢ፣ ሐኪሙ ይፈልገዋል።

መብራቱንም ትንሽ ልውቀሰው። ሰማያዊ ነው አይደል የገዛሽው? ሰዉ ሁሉ ሰማያዊ ነው የሚገዛው አላውቅም ለምን። ሰማያዊ ብርሃን ከቀዩና ከቢጫው በተለየ ቦታ ነው ዓይን ውስጥ የሚሰበሰበው፣ ስለዚህ በጨለማ ጤነኛ ዓይንም ላይ ጠርዙ የተድበሰበሰ ነው። ሞቅ ያለ ቢጫውን ስቀይ፣ ለዓይንሽም ይቀላል፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ካፌ ሞቅ ብሎ መታየት አለበት። የሚብለጨለጨውንም የገመዱ መቆጣጠሪያ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጫኚና ቋሚው ላይ አቁሚው፣ ሰው ቡና እየጠጣ ፊቱ ላይ ቦግ እልም ሲልበት ደስ አይልም፣ እኔ በበኩሌ እንደዛ ያለ ቤት አልቀመጥም።

አንድ ነገር ግን ሳልቀልድ ልበል። በመብራት ዙሪያ የቀስተ ደመና ቀለበት አይተሽ ከሱ ጋር ዓይንሽን ወይ ግንባርሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ ዓይንሽ ከቀላ፣ ካስመለሰሽ፣ የመነጽር ጉዳይ አይደለም፣ የዓይን ግፊት ድንገት ሲጨምር እንዲህ ያደርጋል፣ በዛው ሰዓት ሆስፒታል ነው። በድንገት ብልጭታ ከታየሽ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ከበዛብሽ፣ መጋረጃ የመሰለ ጥላ ከወረደብሽም እንደዛው፣ ነገ አይባልም። ስኳር ካለብሽ ደግሞ ለሐኪሙ ተናግረሽ ነበር? ስኳር ከፍ ዝቅ ሲል የዓይን ቁጥርም አብሮ ይንሸራተታል፣ በመጥፎ ቀን የተለካ ቁጥር በሌላ ቀን ላይሆንሽ ይችላል።

ወደ ሽማግሌው ልምጣ። እሳቸው የተቆጡት ለሁለት ነገር ነው፣ አንዱ ጾሙ ነው፣ ሁለተኛው ፈረንጁ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ ገና ላይ ነው የሚያልቀው፣ ስለዚህ ከገና በፊት የተሰቀለ ዲኮር ሁሉ ጾም ውስጥ ነው፣ ማምለጫ የለውም። መብራት ሥጋ አይደለም፣ ጾም አያስገድፍም፣ ግን የሳቸውም ነገር ባዶ አይደለም፣ የበዓሉ ጩኸት ከበዓሉ ሲቀድም በዓሉ ራሱ ሲመጣ ያረጀ ይሆናል። እኔ ብሆን አሁን የበሩን መብራት ብቻ አበራና የውስጡን ሞቅ ሞቅ ለታህሳስ 28 ማታ አቆየዋለሁ፣ ቄጤማውንም ያኔ፣ በነጋታው ገና ነው።

ስለ ፈረንጁ ደግሞ ልክ ናቸው ብል ትቀየሚኛለሽ? ዛፉ ይቁም ግድ የለም፣ ልጆች ይወዱታል፣ ቅርንጫፉ ላይ ጥጥ ለጥፎ በረዶ ማስመሰል ግን ጠዋት ውጪ ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ በሚያድርበት ከተማ ምን ይባላል? አንሺው። ግድግዳው ላይ የገና ዱላ ስቀይ፣ ያ ጫፉ ቆልመም ያለው፣ ከስሩ ሩር አስቀምጪ፣ ከእንጨት የተጠረበ ወይ በጠፍር የተጠቀለለ። የመንዝ ባና ወይ ዝተት ካለሽ ከባንኮኒው ጀርባ ዘርጊው፣ ቢጫው መብራት ሲያርፍበት ከየትኛውም የመርካቶ ብልጭልጭ ይበልጣል። ዱላና ሩሩን ከየት ላምጣ ካልሽ ሽማግሌውን ጠይቂያቸው፣ «አባባ፣ ድሮ ገና ስትጫወቱ ሩር በምን ነበር የምትሰሩት?» በይ ብቻ፣ ከዛ በኋላ ስለ ጥድ ትዝም አይላቸው።

ጥድ ካልኩ፣ የፕላስቲኩ ይበቃል፣ እርጥብ ጥድ አታስቆርጪ። የወፍ ዋሻ ጫካ ጥድ ያለቦታው እንዲያልቅ ሰበብ አንሁን፣ ደግሞ የተቆረጠ ጥድ ቤት ውስጥ ቶሎ ይደርቅና ሙጫው እንደ ቤንዚን ነው የሚቀጣጠለው፣ ሻማ አጠገቡ አስቢው። ገመዱንም ማከፋፈያ ላይ ሌላ ማከፋፈያ እየሰካሽ አትቀጣጥይ፣ የቡና ማሽኑ ካለበት ሶኬት ጋርም አይገናኝ፣ እሱ ብቻውን ይበላል። መብራት ሲጠፋ ዲኮሩን ንቀይው፣ ሲመለስ ቆይተሽ ስኪው፣ ማታ ስትወጪ ደግሞ አጥፊ፣ ባዶ ካፌ ውስጥ ለማን ነው የሚበራው።

እና «ፕሮፌሰር» የሚሉሽስ? ይበሉሽ። ለጥቂት ቀን ነው፣ መነጽሩን እያወለቅሽ ካደረግሽው ግን ባደረግሽው ቁጥር አዲስ ስለሚሆንባቸው ወሬው አያልቅም። ጠዋት ከውርጩ ስትገቢ ሌንሱ በጉም ሲሸፈን ያኔ በደንብ ይሳቁ፣ አንቺ በሩ ጋ ቆመሽ እስኪጠራ ጠብቂ፣ እየጠረግሽ አትራመጂ፣ ደረጃው እዛው ነው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ በትክክል ከጠዋት እስከ ማታ አድርገሽው ካልተሻለሽ መልሰሽ ውሰጂው፣ ወረቀቱንና ደረሰኙን ይዘሽ። ሌንሱን በማሽን ለክተው ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩልሽ። የሁለቱ ዓይንሽ ብሌን ርቀት በሚሊሜትር መለካት አለበት፣ ለፕሮግረሲቭ ደግሞ ፍሬሙን አስደርገውሽ ብሌንሽ ሌንሱ ላይ የት እንደሚያርፍ ምልክት ማድረግ ነበረባቸው፣ ይሄን አላደረጉ ከሆነ ጥያቄ አለሽ ማለት ነው። ሩቅ ለማየት አገጭሽን ወደታች ማድረግ ካስፈለገሽ ሌንሱ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው፣ ለማንበብ ደግሞ ከልክ በላይ ወደላይ የምታንጋጥጪ ከሆነ ዝቅ ብሏል፣ ይሄንኑ ንገሪያቸው። አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የፍሬሙ ብቻ ነው፣ አፍንጫ ላይ ትንሽ ሲንሸራተት ሁሉም ነገር ይዛባል፣ የአፍንጫ ማረፊያውን ጠበቅ ሲያደርጉት ያልቃል።

እናትሽ መነጽር ዓይን ያሰንፋል ያሉት እውነት አይደለም። ከ40 ዓመት ወዲያ ዓይን ውስጥ ያለችው ሌንስ እየደረቀች የቅርቡ ይከብዳል፣ መነጽር አደረግሽም አላደረግሽም ይሄዳል፣ ስታወልቂው የባሰ የሚመስልሽ ጥርት ያለውን ስለለመድሽ ነው። ግን ክር ማስገባት አቃታቸው ያልሽው አላማረኝም። እድሜያቸው የገፋ ነው፣ ክሩ የማንበቢያ መነጽር ጉዳይ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ የዓይን ሞራም ሊሆን ይችላል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው ከሚታወርባቸው ምክንያቶች ዋናው ሞራ ነው፣ በቀዶ ጥገና የሚነሳ ሆኖ ሳለ። ፀሐይ ላይ ያጥበረብራቸዋል ወይ፣ ፊት ሳይሆን ድምጽ ሰምተው ነው ወይ ሰው የሚለዩት፣ ዝም ብለሽ ታዘቢ። ከዛ አንቺ መነጽርሽን ልታሳዪ ስትሄጂ «እማዬ ብቻዬን ደበረኝ አብረሽኝ ነይ» ብለሽ ይዘሻቸው ሂጂ፣ ለምርመራ ነው ካልሻቸው አይመጡም።